የነጩ ቀለም አዙሪት

የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ከቀለም ፋብሪካው ትልቅ ማደባለቂያ ጋን የቀዳችውን ነጭ ቀለም መስታወት ላይ አፍስሳ በሰፊ ስለት እየሳበችው ነበር። ስለቱ ባለፈበት ሁሉ ቀለሙ እንደ ረጋ ወተት ተኝቶ ቀረ። መስታወቱን ወደ መስኮቱ አነሳችና አዘንብላ አየችው። ስንት ጊዜ ስትለቅማቸው የኖረችው፣ አሸዋ የሚመስሉት ፍርፋሪዎች የሉም። አረፋም የለም። አላመነችም። ሌላ መስታወት ጠርጋ ደገመችው፤ ያው ነው።

እጇን ሳትታጠብ ወጣች። መስታወቱን እንደ ሞላ ሰሃን በሁለት እጇ አግድም ይዛ ወደ ጥገና ክፍል አመራች። ይህን ከሁሉ ቀድሞ ማየት ያለበት ኢንጂነሩ ነው ብላ ነው። ሠራተኛው «ጋሽ ቡሎን» ይለዋል፤ ምህንድስና ተምሮ፣ ቢሮ ተሰጥቶት፣ ከቱታው ኪስ ግን ቡሎን የማይጠፋ ሰው ስለሆነ።

የምሳ እረፍት ሊያበቃ ነው። የጥገና ክፍሉ በር ተዘግቶ ጓጉንቸሩ ከውጭ ተቆልፏል። ይህስ ባልገረማት። ከውስጥ ግን ሬዲዮው ይዘፍናል። ጋሽ ቡሎን ደግሞ ሬዲዮ ክፍቱን ትቶ የሚሄድ ሰው አይደለም፤ «የማይሰሙትን ነገር ማስለፍለፍ ነውር ነው» ይላል። አንኳኳች። ተጣራች። በመጨረሻ የመስኮቱን አቧራ በክርኗ ጠርጋ ወደ ውስጥ አየች። ከሥራ ጠረጴዛው ሥር የጫማ ሶል ይታያል፤ ጫፉ ወደ ላይ ቆሟል።

መስታወቱ ከእጇ አልወደቀም። ኋላ ላይ ስታስበው ራሷንም ገርሟታል። የመስኮቱ ደፍ ላይ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችውና ጥበቃውን ለመጥራት ሮጠች።

*

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ቁስለኛው በአምቡላንስ ሄዷል። ነፍሱ አለች፤ ራሱን ግን አያውቅም። ጥበቃው ጓጉንቸሩን በብረት ሰብሮ ከላቦራቶሪዋ ባለሙያ ጋር ከገባ በኋላ፣ ከአምቡላንሱ ሰዎች በቀር ማንንም ደጃፉን እንዳላሳለፈ ነገራት። ደግ አደረግህ አለችው። ሰውየው ወዲያው ቁመት የጨመረ መሰለ።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ ግድግዳው ላይ በቀይ ቀለም ተስሎ፣ መሣሪያው በገዛ ቅርጹ ላይ ተሰቅሏል፤ የጎደለ የለም። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ሞርሳ አለ፤ ብረት ነክሶ የሚይዝ ከባድ መንጋጋ። ጠርዙ ላይ ደምና ሽበት ያለው ፀጉር ይዟል። ዞር ስትል ደግሞ መስኮቱ ባለበት ግድግዳ ላይ አራት ረጃጅም የላሜራ ቁራጮች ጎን ለጎን ተደግፈው አየች። ጠርዛቸው ገና አልዛገም።

«አዳልጦት ይሆናል» አለ ሳጅኑ። በዕድሜ ይበልጣታል፤ በማዕረግ ትበልጠዋለች፤ በዚህ ሂሳብ ሁለቱ እኩል ወጥተው ይቀላለዳሉ።

ወለሉ ላይ ያሉትን ሁለት የቱታ ቁልፎች አሳየችው። ክራቸው አብሮ ተነቅሏል።

«አዳልጦት የወደቀን ሰው አንገትጌውን ማን አነቀው? ወድቆ ሲያበቃስ ተነስቶ ራሱን ከውጭ ቆለፈ?»

«እሺ፣ ተረታሁ» አለ ሳጅኑ። «በባዶ ሆድ ያሰብኩት ነው፤ አይቆጠርም።»

ነገሩ እስከዚህ ድረስ ግልጽ ነበር። አንድ ሰው ኢንጂነሩን አንገትጌው ላይ ይዞ ገፍቶታል፤ ጭንቅላቱ ሞርሳው ላይ አርፏል፤ ሰውየው ለእርዳታ በመጣራት ፋንታ በሩን ዘግቶበት ሄዷል። ጓጉንቸሩ ዘወትር ተከፍቶ በሩ ላይ የሚንጠለጠል ነው፤ ለመቆለፍ መጫን ብቻ ይበቃል። ኢንጂነሩ የምሳ ደወል ሲደወል ወደ ክፍሉ ሲገባ ብዙ ሰው አይቶታል። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው፦ በምሳ እረፍት ማን የት ነበር?

በመስኮቱ ደፍ ላይ ስላለው ነጭ መስታወት የላቦራቶሪዋን ባለሙያ ጠየቀቻት። ሴትየዋ አፈረች። የቀለም ናሙና ነው አለች፤ ባለፈው ሳምንት የወጣው ሁሉ ፍርፋሪ ነበረበት፣ የዛሬው ግን እንከን የለውም፤ ለምን እንደተሻለ አታውቅም። ከጋኑ ግርጌ ባለው ቧንቧ እንደቀዳችው፣ ላይ መሰላሉ ጫፍ ማን እንደነበረ ከታች እንደማይታይ፣ የሞተሩን ድምፅ ግን እንደሰማች ጨመረች። ኢንስፔክተሯ መስታወቱን በፕላስቲክ ጠቅልላ ያዘችው።

*

ግቢውን አቋርጣ ቢሮ እስክትደርስ ፋብሪካው ወንጀለኛውን አግኝቶ ጨርሷል። ያገኘችው ሁሉ የነገራት አንድ ታሪክ ነው። የትልቁ ጋን ኦፕሬተር የኢንጂነሩ ልጅ ባል ነው። ጠዋት ትንሹንም ጋን ደርቦ ሲያስቀዳ ማደባለቂያውን ሳያጠፋ ቀረ። ማደባለቂያ ማለት ከላይ ሞተር፣ ከሞተሩ ወደ ታች የወረደ ረጅም ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ደግሞ ክንፍ ነው። ቀለሙ ጎድሎ ክንፉ አየር ላይ ከዞረ ይንዘፈዘፋል፤ ዘንጉ ይጎብጣል፤ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሺኔታ ይበላል። ጋሽ ቡሎን ይህን ሲያይ አማቹን ሠራተኛው ሁሉ ፊት ልክ ልኩን ነገረው፤ «ልጄን ለማን ሰጠሁ» እስከማለት ደረሰ። ወጣቱም «ልጅዎን አገባሁ እንጂ አልተገዛሁልዎትም» ብሎ መለሰ። ከዚያ ተኮራረፉ።

የምርት ኃላፊው ግን በሰው ላይ ጣት ለመቀሰር የቸኮለ አይመስልም። ሰፊ ትከሻ፣ ዝቅ ያለ ድምፅ። በቢሮው መስኮት በኩል ሦስቱ ጋኖች ይታያሉ። ከኦፕሬተርነት ተነስቶ እዚህ እንደደረሰ፣ ትልቁን ጋን ራሱ ለብዙ ዓመት እንዳንቀሳቀሰው ሲነግራት የመኩራራት ሳይሆን የትዝታ ድምፅ ነበረው። ኢንጂነሩ ጥሩ ሰው ነው አለ፤ ችግሩ ሁሉን በወረቀት ማስላቱ ነው። የቀለሙን ፍርፋሪ ለማጥፋት ኃላፊው ኃይለኛና ፈጣን ሞተር ይመረጥ አለ፤ ኢንጂነሩ አይሆንም፣ ጋኑ ይስተካከል እንጂ ሞተሩ ምንም አልጎደለውም ብሎ ሙግት ገጠመ። የፋብሪካው ባለቤት በዚያው ቀን፣ ሰኞ ከሰዓት፣ መጥታ ልትዳኛቸው ነበር። «የሥራ ክርክር ነው» አለ። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እሳቸው ሞኝ አይደሉም እንጂ ወረቀቱን ይዘው ነበር።»

በምሳ እረፍት የት እንደነበረ ጠየቀችው።

«ትልቁ ጋን ላይ» አለ። «በዚያ ሳልፍ ሞተሩ ይሠራል፣ ኦፕሬተሩ የለም። ጋን እየዞረ ብቻውን አይተውም። መሰላሉን ወጥቼ እስኪመለስ ቆምኩ።»

«ተመለሰ?»

«ደወሉ ድረስ አልተመለሰም። የሰው ልጅ ነውና ልከሰው አልፈለግኩም። ግን ጠየቁኝ።»

«ቆመው ምን አደረጉ?»

«ክዳኑን ከፍቼ ቀለሙን አየሁ። ምን ይደረጋል ሌላ?» ፈገግ አለ። በጣቱ አየር ላይ ክብ ሠራ። «መሐሉ ይሰረጉዳል። እንደ ጉድጓድ ወደ ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ዘንጉ ክንድ ያህል ራቁቱን ይቆማል። ነጭ ሲሆን ደግሞ ሌላ ነው፤ ብዙ ካዩት ያፈዛል።»

ኢንስፔክተሯ ይህን ስትሰማ እውነት ነው ብላ አሰበች፤ ሰው ያላየውን እንዲህ አይናገርም። ወደ ጥገና ክፍል መቼ እንደሄደ ጠየቀችው። ሳምንት አልፎኛል አለ። ኢንጂነሩ ሲገኝም ከሩቅ ቆሞ እንደሰማ፣ ደም ማየት እንደማይችል ነገራት።

*

ኦፕሬተሩ ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ ነበር የሚመልሰው። ለምሳ አልሄድኩም አለ፤ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ እኔ ነበር፣ ምን ብዬ እቀመጣለሁ? ትልቁ ጋን ላይ ሆኜ ዋልኩ። ማንም ወደ ላይ አልወጣም።

አንድ ጠባብ የብረት መቆሚያ ላይ፣ በአንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ቆመዋል ማለት ነው። አንዱ ይዋሻል።

ቀለሙን አይተኸው ነበር ወይ አለችው። አይቻለሁ አለ። ምን ይመስላል ስትለው እንግዳ ነበር አለ።

«እንዴት እንግዳ?»

«አይዞርም። ማለቴ ይንቀሳቀሳል፣ ግን እንደ ወትሮው አይዞርም። ከዳር ከግድግዳው እየፈነቀለ ይወጣና መሐል ይገለበጣል። እንደሚፈላ ውሃ።»

«መሐሉ አልሰረጎደም?»

«አልሰረጎደም።»

ሳጅኑ ጉሮሮውን ጠረገ። ወደዚህ ከመምጣታቸው በፊት ሌሎቹን ሁለት ኦፕሬተሮች ጠይቀው ነበር፤ ሁለቱም ትልቁ ጋን ሲሠራ መሐሉ ይሰረጉዳል ብለዋል፤ ሁልጊዜ። ዓመት ሙሉ ሲያንቀሳቅሰው የኖረውን ጋን መልክ እንኳ አስተካክሎ መናገር ያቃተው ሰው ነው እንግዲህ ፊታቸው የተቀመጠው።

ኢንስፔክተሯ ለምን ለማንም እንዳልተናገረ ጠየቀችው።

«ክንፉ ወልቆ ይሆን ብዬ ፈርቼ ነበር» አለ። «ግን ለማን ልናገር? ለሳቸው? ጠዋት እንደዚያ ካዋረዱኝ በኋላ? ይድረሱበት ብዬ ዝም አልኩ።» ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «ያን ጊዜ ሄጄ ብነግራቸው ኖሮ ብቻቸውን አይሆኑም ነበር። ይኸው እሱን ነው የማስበው።»

እስር ቤት እንዲያድር አዘዘች። ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

*

«ተዘጋ» አለ ሳጅኑ በማግስቱ። «አማችና አማት ተጣሉ፣ አንዱ ገፋ፣ አንዱ ወደቀ። የሚቀረን መጻፍ ነው።»

«ለምን በደንብ አልዋሸም?» አለችው። «ሊዋሽ የመጣ ሰው የሚያውቀውን ይናገራል። ይሰረጉዳል ቢለኝ ምን ይጎድልበት ነበር?»

«ምን ያለበት ዝላይ አይችልም ነዋ። ደንግጦ ነው።»

ጥበቃው በዚያው ቀን አዲስ ወሬ ይዞ መጣ። እሁድ ዕለት ሰው በሌለበት ኢንጂነሩና የፋብሪካው ብረት በያጅ የጋኖቹን አዳራሽ ከውስጥ ዘግተው ሲሠሩ ውለዋል። ምን እንደሠሩ አላየም፤ አንድ ጊዜ ግን ክፉኛ ሲጯጯሁ ሰምቷል። በያጁ ሲመሽ ቦርሳውን ይዞ ወጣ፤ ሰኞ ሥራ አልገባም። ስልኩ አይሠራም። ጎረቤቶቹ አክስቱ ታማበት ገጠር ሄዷል ይላሉ።

ሳጅኑ ወዲያው ሐሳቡን ለወጠ፤ እሱ ሐሳብ መለወጥ አያሳፍረውም። ተጣሉ፣ ተመልሶ መጣ፣ ገፋ፣ ጠፋ። አክስትስ ማን የለውም? በያጁ እንዲፈለግ ለየጣቢያው ተነገረ። ኢንስፔክተሯ አልተቃወመችም። ስለ እሁዱ ሥራ ግን የምርት ኃላፊውን በስልክ ጠየቀችው። አልሰማሁም አለ፤ ኢንጂነሩ ላሜራ ገጥሜ አሳያችኋለሁ ይል ነበር፣ መቼ እንደሚገጥመው እሱ ያውቃል። የፋብሪካው ባለቤትም ከዚያ የበለጠ አታውቅም።

*

የኢንጂነሩ ልጅ ጣቢያ የመጣችው ሁለት ምሳ ዕቃ ይዛ ነው። አንዱ ለታሰረው ባሏ ነው። ሌላው አባቷ ከነቃ ብላ የያዘችው ሾርባ ነው፤ እስካሁን ሐኪሞቹ ሳይከፈት እየመለሱላት ነው።

አላለቀሰችም። ኢንስፔክተሯ ወንበር ስትሰጣት እንኳ ምሳ ዕቃዎቹን ከጭኗ አላወረደችም። አባቷና ባሏ ሁለቱም ግትር መሆናቸውን፣ ሲጣሉ የሚታረቁት በቃል ሳይሆን በሥራ መሆኑን ነገረቻት፤ አንዱ ሳይናገር የሌላውን ቧንቧ ይጠግንለታል፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። ባሌ ሰው አይገፋም አለች። ኢንስፔክተሯ ሁሉም ሚስት እንዲህ እንደምትል በደግነት አስረዳቻት።

«አውቃለሁ» አለች ልጅቱ። «አባባ ቢሞት ባሌ ገዳዩ ሆኖ ይቀራል። ቢድን ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እሱ ነው ካለው፣ እድሜ ልኩን ያንን እያሰበ ነው የሚያየው። እኔ በሁለቱም በኩል አንድ ሰው አጣለሁ። ስለዚህ እርስዎ ማን እንደሆነ ባያገኙ ይሻላል አልልም። ያግኙት ነው የምለው።»

«አገኘዋለሁ» አለች ኢንስፔክተሯ።

ሳጅኑ ልጅቱ ከወጣች በኋላ እንዲህ ያለ ቃል ለቤተሰብ እንደማይሰጥ አስታወሳት። እሷም እንደምታውቅ ነገረችው።

*

በያጁ ራሱ መጣ። ተያዘ ለማለት የሚበቃ ነገር አልነበረም፤ ከአውቶቡስ ወርዶ ሰው እንደሚፈልገው ሲሰማ ቦርሳውን እንደያዘ በቀጥታ ጣቢያ ገባ። ቀጭን፣ ተጫዋች፣ ቅንድቡን የብየዳ ብልጭታ የበላው ሰው ነው። ስልኩ ወንዝ ውስጥ ገብቶ ነው፤ አክስቱም ድናለች፣ «እንዲያውም እኔን ልትቀብር ደርሳለች» አለ። እሁድ ማታ ስለመሳፈሩ ቲኬቱን ከማሳየቱም በላይ፣ አብራው የተቀመጠች ሴት መንገዱን ሁሉ እንደተኛችበት ትከሻውን እያሸ ተናገረ። ስለ ጋሽ ቡሎን ሲነግሩት ግን ጨዋታው ጠፋ።

ሻይ አስመጣችለት። ስኳሩን ሲያማስል እሁድ ምን ሲሠሩ እንደዋሉና በምን እንደተጣሉ ጠየቀችው።

«አልተጣላንም። ተሰዳደብን እንጂ» አለ። «እኔ ላሜራ አሳጥሬ ቆረጥኩ። አራቱንም። ‹የጋን መብራት ነህ› አሉኝ፤ ‹እርስዎ ምን ቸገረዎት፣ ጋኑ የርስዎ አይደል› አልኳቸው። ከዚያ ሌላ ቆርጠን በያድን።»

«ምን ላይ?»

በያጁ በቃል ጀመረው፤ አልሆንልህ አለው። የሻይ ብርጭቆውን ወደ መሐል ገፋና ማንኪያውን አነሳ። ኢንስፔክተሯ አጎንብሳ ብርጭቆው ውስጥ አየች። ሳጅኑም አጎነበሰ። ደግመህ አሳየኝ አለችው፤ ደግሞ አሳያት።

ቀና ስትል ፊቷ እንደ ቤተ ሙከራ መስታወት ጠርቶ ነበር።

«ሳጅን» አለች፣ «ኦፕሬተሩን ከእስር ቤት አውጣልኝ። ወደ ፋብሪካው እንሄዳለን። ለምርት ኃላፊውም ደውልና ትልቁን ጋን እንደምናስነሳ ንገረው።»

*

ትልቁ ጋን ከሰኞ ጀምሮ ቆሟል። ግማሽ መንገድ የተሠራው ነጭ ቀለም እንደሞላበት ነው፤ ላዩ ለጥ ብሎ እንደ ሳህን ክዳን ይመስላል፤ ከሥሩ ያለው ምንም አይታይም። የብረቱ መቆሚያ ጠባብ ስለሆነ እርስ በርስ ተጠጋግተው ቆሙ፤ የምርት ኃላፊው፣ ኦፕሬተሩና ሳጅኑ፣ ኢንስፔክተሯ ደግሞ ክዳኑ አጠገብ። በያጁና የላቦራቶሪዋ ባለሙያ ከመሰላሉ ግርጌ ቀሩ።

ኢንስፔክተሯ ክዳኑን ዘጋችው። ከዚያ የምርት ኃላፊውን ሰኞ በምሳ እረፍት እዚሁ ሆኖ ያየውን እንዲደግምላት በትሕትና ጠየቀችው። አልከበደውም። ጣቱ ያንኑ ክብ አየር ላይ ሠራ፤ መሐሉ ይሰረጉዳል፣ ዘንጉ ክንድ ያህል ራቁቱን ይቆማል። ይህን ሲል ኦፕሬተሩ ወደ እሱ ዞረ፤ በመገረም እንጂ በቁጣ አልነበረም።

«ጥሩ» አለች። «አስነሳው።»

ኦፕሬተሩ ማብሪያውን ጫነ። ሞተሩ ጮኸ፤ መቆሚያው ከእግራቸው ሥር በቀስታ ራደ፤ ከዚያ ድምፁ ረጋ። ለቀለሙ ጊዜ ሰጠችው። ሳጅኑ ሊናገር ሲል በዓይኗ ከለከለችው። ሲበቃ ክዳኑን ራሷ ከፈተችና ወደ ኋላ አለች።

የምርት ኃላፊው ወደ ውስጥ አየ።

ቀለሙ አይዞርም። ከአራት ቦታ፣ ከጋኑ ግድግዳ ሥር፣ ነጭ ትከሻ እየመሰለ ይነሳል፤ ወደ መሐል ይንከባለላል፤ ራሱን በራሱ ይውጣል፤ እንደገና ከዳር ይነሳል። መሐሉ ላይ ጉድጓድ የለም። ዘንጉ አንገቱ ድረስ ቀለም ውስጥ ቆሟል፤ አይንቀጠቀጥም።

ሰውየው ረጅም ጊዜ አየው። ኢንስፔክተሯ ፊቱን ስታጠና ያየችው መጀመሪያ ፍርሃት አልነበረም። ቤቱን ሲከፍት የማያውቀው ዕቃ ተደርድሮ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

«ማን ነው የነካው?» አለ።

በያጁ ከታች ሆኖ መለሰለት። እሁድ ዕለት ከጋሽ ቡሎን ጋር አራት ላሜራ ከግድግዳው ጋር ቀጥ አድርገው በይደዋል። ክንፉ ቀለሙን ሊያዞረው ሲል ላሜራው ይከለክለዋል፤ መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይና ወደ ታች ይገለበጣል። ድሮ አብሮ ይዞር ነበር እንጂ አይደባለቅም ነበር፤ ፍርፋሪው ከሥር እንደተቀመጠ ነበር የሚውለው። ሞተሩ ያው የድሮው ነው።

«አይሆንም» አለ የምርት ኃላፊው። «ገና አልተገጠመም ነበር። ላሜራዎቹ አራቱም እዚያው ግድግዳው ላይ ተደግፈው—»

እዚህ ላይ ቆመ።

ሞተሩ መሥራቱን ቀጠለ። ለኢንስፔክተሯ የምትፈልገው ሁሉ መጥቶላታል።

«የተደገፉት አጥረው የተጣሉት ናቸው» አለች። «የተቆረጡት እሁድ ነው። ካሉበት ጥግ ሆነው ከመስኮት አይታዩም፤ ወደ ውስጥ ገብቶ የዞረ ሰው ብቻ ነው የሚያያቸው። ከሰኞ ምሳ በኋላ ከጥበቃው፣ ከላቦራቶሪዋ ባለሙያ፣ ከአምቡላንሱ ሰዎችና ከእኛ በቀር ማንም አልገባም። እርስዎ ደግሞ ሳምንት አልፎኛል ብለውኛል።»

ኃላፊው ቁጭ አለ። መቆሚያው ላይ መቀመጫ ስለሌለ መሰላሉ ጫፍ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ ኦፕሬተር በነበረ ጊዜም እዚያው ይቀመጥ እንደነበር ያስታውቃል። የሚናገረው ለኢንስፔክተሯ ይሁን ለጋኑ አይለይም ነበር።

በምሳ እረፍት የሄድኩት ልለምነው ነበር አለ። የፋብሪካው ባለቤት ስትመጣ ሙከራውን እንዳያሳይ፣ ለአንድ ሳምንት እንዲያቆየው። ፈጣኑን ሞተር የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ ሰው ሁሉ ፊት ያልኩት እኔ ነኝ። ላሜራዎቹን ተደግፈው ሳያቸው ገና ነው ብዬ ተስፋ አደረግሁ። እሱ ግን ሳቀ። «‹ይህን ሁሉ ዓመት አዞርከው እንጂ አላማሰልከውም› አለኝ። አንገትጌውን ያዝኩት። ሲወድቅ የሞተ መሰለኝ። ሬዲዮው እየዘፈነ ነበር፤ መዝጋት አልቻልኩም፤ በሩን ብቻ ዘጋሁ።»

«እኔስ?» አለ ኦፕሬተሩ። ድምፁን ከፍ አላደረገም።

«ምሳ ላይ አላየሁህም። አኩርፈህ የሆነ ቦታ ተኝተሃል ብዬ ነው።» ወደ ጋኑ እንደገና አየ። «የት ነበርክ ሲሉኝ ሌላ ቦታ አልመጣልኝም። ይህን ቦታ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።»

ሳጅኑ ክንዱን ይዞ አስነሳው። ኢንስፔክተሯ ሲወርዱ ከኋላቸው ቆየች። ወደ ጋኑ ሌላ አንድ ጊዜ ተመለከተች፤ እውነትም ያፈዛል።

በመመለሻው መኪና ውስጥ ሳጅኑ እሱም ቢሆን ከመጀመሪያው ልቡ ጠርጥሮ እንደነበር ተናገረ። ማንን እንደጠረጠረ ስትጠይቀው አክስትየዋን አለ።

*

ጋሽ ቡሎን የነቃው በማግስቱ ነው። የሰኞን ቀን ከምሳ ደወል በኋላ አያስታውሰውም፤ ሐኪሙም ምናልባት ፈጽሞ አያስታውሰውም ብሏል። ልጁ አንድ ምሳ ዕቃ ብቻ ይዛ ሄደች። ማን እንደገፋው፣ ማን እንዳልገፋው፣ ባሏ የት አድሮ እንደነበር ሁሉ ነገረችው። ሾርባውን እየዋጠ ሰማት። አማቹ ጋኑ ውስጥ ያየውን ለፖሊስ በትክክል እንደተናገረ ስትነግረው ማንኪያውን አቁሞ አስደገማት።

ከዚያ ለባሏ መልእክት ላከ። ይቅርታ የሚል ቃል አልነበረበትም። አዲስ ሥራ ሲጀመር ሞተሩ ነዝሮ ቡሎኖቹን ያላላቸዋል፤ ከመጀመሪያው ቀን በኋላ እንደገና መጥበቅ አለባቸው፤ እኔ ተኝቻለሁ፤ አንተ አጥብቃቸው፤ ትልቁን መፍቻ ከእኔ ክፍል ውሰድ፤ የሚል ነበር።

ኦፕሬተሩ ይህን ሲሰማ ለጠዋት የሥራ ቱታውን አወጣ። ሚስቱም ፊቱን አይታ ነገሩ እንዳለቀ ገባት።

ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ማብሪያውን አጥፍቶ ቆለፈው። ትልቁን የቡሎን መፍቻ ይዞ መሰላሉን ወጣ። ከሞተሩ ሥር ያሉትን ቡሎኖች አንዱን ካጠበቀ በኋላ ቀጣዩን ሳይሆን ትይዩውን እየያዘ፣ አማቱ እንዳስተማረው፣ ተራ በተራ አጠበቃቸው። ሁለቱ ጥቂት ላልተው ነበር። የመጨረሻው እምቢ እስኪለው ድረስ ገፋው፤ በጣቱ ነካ አድርጎ አረጋገጠ።

ከዚያ ወረደ፤ ግቢውን ተሻገረ፤ መፍቻውን በጨርቅ ጠርጎ ግድግዳው ላይ ባለው ቀይ ቅርጹ ላይ ሰቀለው።